ነባር ኩባንያዎችና አናጊ ቴክኖሎጂ፦ የምላሾቻቸው ዳሰሳ

በሥራ መስኩ ለአሥርት ዓመታት ቀዳሚ ሆኖ የቆየ ኩባንያ አዲስ ቴክኖሎጂ በመጣ ቁጥር ቦታውን ለጀማሪ ተፎካካሪዎች ለምን ይለቃል የሚለው ጥያቄ በምጣኔ ሀብትና በሥራ አመራር ጥናት ውስጥ ረጅም ዕድሜ ያለው ቢሆንም፣ የተሰጡት መልሶች ግን እርስ በርሳቸው አይስማሙም። ጆሴፍ ሹምፔተር በ1942 (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር ናቸው) ባሳተመው ሥራው፣ ካፒታሊዝም የሚያድገው አዲሱ አሮጌውን ከውስጥ እያፈረሰ መሆኑን ገልጾ ሂደቱን «ፈጣሪ ውድመት» ሲለው፣ የኩባንያዎችን መውደቅ የሥርዓቱ ባሕርይ አድርጎ እንጂ የሥራ አስኪያጆች ጥፋት አድርጎ አላየውም። ከእርሱ በኋላ የመጡት አጥኚዎች በአንጻሩ ወደ ኩባንያው ግቢ ዘልቀው የትኛው ለውጥ የትኛውን ድርጅት እንደሚጥል፣ የትኛውም ምላሽ እንደሚያድን ለመለየት ሞክረዋል። በዚህ ዳሰሳ የሚቀርቡት ጥናቶችና ታሪኮች በአብዛኛው የሚያመለክቱት ወደ አንድ አቅጣጫ ነው፤ ነባሩ ኩባንያ ብዙ ጊዜ የሚቸገረው አዲሱን ነገር ባለማየቱ ወይም መሥራት ባለመቻሉ ሳይሆን፣ አዲሱ ነገር የአሮጌውን ያህል የማያተርፍ በመሆኑ ነው።

ለውጥ ሁሉ አንድ ዓይነት እንዳልሆነ ቀድመው ካሳዩት መካከል የሲሚንቶን፣ የአየር መንገድንና የሚኒኮምፒውተርን ኢንዱስትሪዎች ያጠኑት ማይክል ተሽማንና ፊሊፕ አንደርሰን ይገኙበታል። በ1986 ባወጡት ጥናት ቴክኖሎጂያዊ ለውጥን ነባሩ ኩባንያ ያካበተውን ችሎታ የሚያጎለብትና ያንኑ ችሎታ የሚሽር ብለው ለሁለት ከፈሉት፤ የመጀመሪያው ዓይነት ለነባሮቹ ሲሳይ ሲሆን ሁለተኛው በሩን ለአዲስ ገቢዎች ይከፍታል። ርብቃ ሄንደርሰንና ኪም ክላርክ ደግሞ በ1990፣ የመሣሪያው ክፍሎች ብዙም ሳይለወጡ ክፍሎቹ እርስ በርስ የሚያያዙበት መንገድ ብቻ የሚለወጥበትን ሁኔታ «የአወቃቀር ፈጠራ» ብለው ለብቻው አወጡት። ማስረጃቸውን የወሰዱት በሲሊከን ላይ የኤሌክትሮኒክስ ዑደቶችን ንድፍ በብርሃን የሚያትሙ ማሽኖችን ከሚሠሩ ኩባንያዎች ነበር። ከእነዚህ አንዱ የሆነው ካስፐር፣ ካኖን ያቀረበውን አዲስ ማሽን መሐንዲሶቹ መርምረው የእነርሱው ማሽን ቅጂ ነው ብለው ናቁት፤ ቅርጹና ክፍሎቹ በእርግጥ የተመሳሰሉ ሲሆን፣ ልዩነቱ የነበረው ክፍሎቹ ተቀናጅተው በሚሠሩበት ስልት ላይ ነበርና ለዓመታት በአሮጌው ስልት የሠለጠነ ዓይን አላየውም። ይህ ትንሽ ታሪክ፣ ዕውቀት ራሱ አንዳንድ ጊዜ ዓይን እንደሚጋርድ ከሚያሳዩት ማስረጃዎች ሁሉ ምናልባት እጅግ ግልጹ ነው።

ጥያቄውን ከዩኒቨርሲቲ ግቢ አውጥቶ የነጋዴው ሁሉ መነጋገሪያ ያደረገው ግን በ1997 በወጣ መጽሐፉ የታወቀው የሃርቫርዱ ክሌይተን ክሪስተንሰን ነው። በእርሱ አጠራር አናጊ ቴክኖሎጂ ማለት፣ ሲጀመር ነባሮቹ ደንበኞች በሚፈልጉት መለኪያ ከነባሩ ያነሰ ሆኖ፣ ርካሽ ወይም አነስተኛ ወይም ለአጠቃቀም ቀላል በመሆኑ ሌላ ዓይነት ደንበኛ የሚያገኝ፣ ከዚያም በፍጥነት እየተሻሻለ መጥቶ ዋናውን ገበያ የሚወስድ ነው። ዋና ምሳሌው የኮምፒውተር ሃርድ ዲስክ ነበር። የዲስኩ ስፋት ከ14 ኢንች ወደ 8፣ ከዚያም ወደ 5.25ና ወደ 3.5 ኢንች ሲያንስ በየደረጃው አዳዲስ ኩባንያዎች መሪነቱን እየያዙ ሄደዋል፤ ባለ 14 ኢንች ዲስክ ከሚያመርቱት ነባሮች መካከልም ሁለት ሦስተኛው ባለ 8 ኢንች ዲስክ ጨርሶ ለገበያ አላቀረቡም። በ5.25 ኢንች ዲስክ የታወቀው ሲጌት በ1985 መጀመሪያ ባለ 3.5 ኢንች ናሙናዎችን በራሱ መሐንዲሶች ሠርቶ ነበር። የሽያጭ ክፍሉ ናሙናዎቹን ለዋና ደንበኞቹ፣ ማለትም አይቢኤምን ለመሳሰሉ የጠረጴዛ ኮምፒውተር አምራቾች ሲያሳይ፣ ደንበኞቹ የሚፈልጉት ተጨማሪ የማከማቻ አቅም እንጂ ትንሽነት አልነበረምና ፍላጎት አላሳዩም፤ የሒሳብ ክፍሉም በዚህ ላይ ተመሥርቶ የሽያጭ ትንበያውን ዝቅ ሲያደርገው ፕሮጀክቱ ወደ ጎን ተገፋ። ከሲጌት ጋር ግንኙነት የነበራቸው ሰዎች ያቋቋሙት ኮነር ፔሪፈራልስ ያንኑ መጠን ያለውን ዲስክ ተንቀሳቃሽ ኮምፒውተር ለሚሠራው ለኮምፓክ ሸጦ በአጭር ጊዜ ገነነ። ሲጌት ደንበኛውን ሰማ፣ ትርፉን አሰላ፣ ገንዘቡን የተሻለ ገቢ ወደሚያስገኘው ሥራ መደበ፤ በሥራ አመራር ትምህርት ቤት መመዘኛ የተሳሳተው ነገር አልነበረም።

ንድፈ ሐሳቡ በየመድረኩ እየተጠቀሰ ወደ መፈክርነት ሲወርድ ትችቱም ተከተለ። የታሪክ ምሁሯ ጂል ሌፖር በ2014 በኒው ዮርከር መጽሔት ባወጣችው ጽሑፍ፣ ክሪስተንሰን ወደቁ ካላቸው ኩባንያዎች አንዳንዶቹ ለዓመታት ገበያውን እየመሩ መቀጠላቸውን አንሥታለች፤ ሲጌት ራሱ ለዚህ ጥሩ ማስረጃ ነው፤ በ3.5 ኢንች ዲስክ ዘግይቶ ገብቶ እንኳ በመጨረሻ በ1996 ኮነርን ጠቅልሎ ገዝቶታልና። አንድሩ ኪንግና ባልጂር ባታርቶግቶክ በ2015 ባወጡት ጥናት ደግሞ በክሪስተንሰን መጻሕፍት የተጠቀሱትን 77 ምሳሌዎች ለየመስኩ ባለሙያዎች አቅርበው ሲመረምሩ፣ የንድፈ ሐሳቡን አራቱንም መሠረታዊ ሐሳቦች የሚያሟሉት 9 በመቶ ብቻ መሆናቸውን አገኙ። ትችቱ ንድፈ ሐሳቡን አያፈርሰውም፤ የሚሠራበትን ወሰን ግን ያጠበዋል። ክሪስተንሰንም ቢሆን በዚያው ዓመት ቃሉ ያለቦታው እየተጠራ መሆኑን ጠቅሶ፣ ኡበር እንኳ በእርሱ ትርጉም አናጊ ሊባል እንደማይችል ጽፏል። ከሲጌት ታሪክ በትክክል የሚቀረው ትምህርት ስለ በጀት ድልድል ነው፤ በአንድ ድርጅት ውስጥ የትኛው ሐሳብ ገንዘብና ሰው እንደሚያገኝ የሚወስነው የአለቃው አርቆ አሳቢነት ብቻ ሳይሆን፣ በየደረጃው ያለው ሠራተኛ ለእርሱ የሚበጀውን ሐሳብ ወደ ላይ የሚያሳልፍበት ወንፊት ነው።

ከሁሉ በላይ በተዛባ መልኩ የሚነገረው ታሪክ የአሜሪካው የፎቶ ፊልም አምራች የኮዳክ ነው። በተለመደው አተራረክ ኮዳክ ዲጂታል ካሜራን ፈልስፎ ሳለ በፍርሃት ደበቀው፣ ከዚያም ሞተ። እውነቱ ከዚህ የበለጠ ውስብስብና አስተማሪ ነው። ስቲቨን ሳሰን የተባለው የኮዳክ መሐንዲስ በ1975 የሠራው ካሜራ 10,000 የምስል ነጥቦች ብቻ የነበሩት፣ አንድ ጥቁርና ነጭ ፎቶ በካሴት ላይ ለመቅዳት 23 ሰከንድ የሚፈጅ መሣሪያ ነበርና በዚያ ዘመን ለገበያ የሚቀርብ ዕቃ አልነበረም። ሶኒ በ1981 ያለ ፊልም የሚሠራውን ማቪካ ካሜራ ይፋ ሲያደርግ ኮዳክ ጥልቅ የገበያ ጥናት አስጠንቶ፣ የፊልም ዘመን ከማብቃቱ በፊት ለዝግጅት ዐሥር ዓመት ያህል እንዳለው የሚናገር ውጤት በእጁ ነበረው። ከዚያም በምርምር ላይ ብዙ ገንዘብ አፍስሷል፤ ብዙ የዲጂታል ምስል የፈጠራ መብቶችን አስመዝግቧል፤ በ2005ም በአሜሪካ የዲጂታል ካሜራ ሽያጭ አንደኛ ሆኗል። ያም ሆኖ በጥር 2012 ከአበዳሪዎቹ የሕግ ከለላ ለመጠየቅ ተገደደ።

ለዚህ ምክንያቱ የሚገኘው በፊልሙ አሠራርና በትርፉ ምንጭ ላይ ነው። ባለ ቀለም ፊልም ማምረት ማለት ከደርዘን የሚበልጡ እጅግ ስስ የኬሚካል ንጣፎችን፣ በድቅድቅ ጨለማ ውስጥ በፍጥነት በሚሮጥ ሰፊ ፕላስቲክ ላይ ያለ እንከን መቀባት ማለት በመሆኑ፣ ይህን ሥራ በብቃት የሚሠሩ ኩባንያዎች በዓለም ላይ በጣት የሚቆጠሩ ነበሩ። ደንበኛው ካሜራውን አንድ ጊዜ፣ ፊልሙን፣ ማጠቢያውንና ወረቀቱን ግን ዕድሜ ልኩን ይገዛል፤ ኮዳክን ያበለጸገውም ይህ ተደጋጋሚ ገቢ ነው። የዲጂታል ካሜራ ክፍሎች በአንጻሩ ከማንኛውም የኤሌክትሮኒክስ አቅራቢ ሊገዙ የሚችሉ ስለነበሩ ማንም ኩባንያ ገጣጥሞ ሊሸጥ ቻለ፤ ዋጋውም በየዓመቱ ወረደ። የኮዳክን የዲጂታል ንግድ ለተወሰኑ ዓመታት የመራውና በኋላ የሃርቫርድ መምህር የሆነው ዊሊ ሺ አጥብቆ የሚያነሳው ይህንኑ ነው። አዲሱ ቴክኖሎጂ ትርፉን ከኮዳክ ወደ ሌላ ኩባንያ ብቻ አላዞረውም፤ አብዛኛውን ትርፍ ከፎቶ ሥራ ጨርሶ አጠፋው። ስልክ ካሜራ ሲይዝ ደግሞ ኮዳክ በብዙ ድካም አንደኛ የወጣበት ገበያ ራሱ ከእግሩ ሥር ተነነ።

ከኮዳክ ጋር ዘወትር የሚነጻጸረው በ1934 የተመሠረተው የጃፓኑ ፉጂፊልም ነው። የዓለም የፊልም ፍላጎት በ2000 ጣሪያ ነክቶ ቁልቁል መውረድ ሲጀምር፣ በሺጌታካ ኮሞሪ የሚመራው ኩባንያ በ2006 ከፎቶ ክፍሉ 5,000 ያህል የሥራ መደቦችን እንደሚቀንስ አሳወቀ፤ በዚያው ዓመትም «ፎቶ» የሚለውን ቃል ከስሙ አወጣ። ትኩረት የሚስበው መሐንዲሶቹ ያቀረቡት የችሎታ ቆጠራ ነው። ፊልም ማምረት ያስተማራቸው በስስ ንጣፍ መቀባትን፣ ኮላጅን የተባለውን ፕሮቲን አያያዝን፣ ቀለም እንዳይደበዝዝ የሚከላከሉ ኬሚካሎችን ቅመማና እጅግ ደቃቅ ቅንጣቶችን መቆጣጠርን ነበርና፣ የመጀመሪያውን ይዘው ለጠፍጣፋ የኮምፒውተርና የቴሌቪዥን ስክሪኖች የሚሆን ልዩ ስስ ፊልም ወደ ማምረት ሲያሰፉ፣ የተቀሩትን ይዘው በ2007 አስታሊፍት የተባለ የፊት ቅባት አወጡ፤ በ2008ም ቶያማ ኬሚካል የተባለውን መድኃኒት አምራች ገዙ። ቅባቱ በጋዜጦች ዘንድ እንደ ቀልድ የሚጠቀስ ቢሆንም፣ በገንዘብ ረገድ ይበልጥ የከበደው የስክሪኑ ፊልም ነው።

ይሁንና ንጽጽሩ «ፉጂ ወደ ሌላ መስክ ገባ፣ ኮዳክ ግን አልገባም» ወደሚል ድምዳሜ ሲያመራ ስህተት ይሆናል። ኮዳክ ከፉጂ ሃያ ዓመት ቀድሞ በ1988 ስተርሊንግ ድራግ የተባለውን መድኃኒት አምራች በ5.1 ቢሊዮን ዶላር ገዝቶ ነበር፤ በ1994 ግን የመድኃኒት ንግዱን ሸጠው፤ በዚያው ዓመት የኬሚካል ክፍሉን ራሱን የቻለ ኩባንያ አድርጎ ለቀቀው፤ በ2007ም የሕክምና ምስል ክፍሉን ሸጠ። ዕዳን ለመክፈልና «በዋናው ሥራ ላይ ለማተኮር» የተወሰዱት እነዚህ እርምጃዎች በጊዜው በአክሲዮን ገበያ የተመሰገኑ ሲሆኑ፣ ውጤታቸው ግን ኩባንያውን ሊወድቅ በተቃረበው ምሰሶ ላይ ብቻ አቆመው። ተነጥሎ የወጣው ኢስትማን ኬሚካል እስከ ዛሬ ትልቅ ኩባንያ ነው። የዚያን ኩባንያ አክሲዮን ይዞ ለቆየ ሰው የኮዳክ ታሪክ እንደሚባለው ያህል አሳዛኝ አይደለም፤ የኮዳክ መቀመጫ ለሆነችው ለሮቸስተር ከተማ ሠራተኛ ግን ሌላ ነው። አንድ ኩባንያ ዳነ ወይም ሞተ ሲባል ለማን የሚለው ጥያቄ በዚህ ዘርፍ ጽሑፎች ውስጥ ከሚገባው በታች ይነሣል።

ነባሩ ከለውጥ በኋላም ዋጋው የማይወድቅ ሀብት ከኖረው ግን በቴክኖሎጂ እየተበለጠ እንኳ ሊተርፍ ይችላል። ዴቪድ ቲስ በ1986 «አጋዥ ሀብት» ያለው ይህን ሲሆን፣ አንድን ፈጠራ ወደ ገንዘብ ለመለወጥ ከፈጠራው ጎን የሚያስፈልጉትን የሽያጭ መረብ፣ የጥገና አገልግሎት፣ የንግድ ስምና የመሳሰሉትን ያጠቃልላል። ሜሪ ትሪፕሳስ በ1997 ባወጣችው የፊደል ለቀማ ማሽኖች ታሪክ የመርገንታለር ላይኖታይፕን ጉዳይ በስፋት መርምራለች። ኦትማር መርገንታለር የፈለሰፈው ማሽን በ1886 በኒው ዮርክ ትሪቢዩን ጋዜጣ ሥራ ሲጀምር፣ ለቃሚው በእጁ አንድ በአንድ ይደረድራቸው የነበሩትን ፊደላት ከቀለጠ እርሳስ በሙሉ መስመር የሚያወጣ ነበር። በሃያኛው ክፍለ ዘመን ሁለተኛ አጋማሽ ሥራው በመጀመሪያ ወደ ፎቶ፣ ከዚያ ወደ ዲጂታል ስክሪን፣ በመጨረሻም ወደ ሌዘር ሲሸጋገር፣ የእርሳስ ማቅለጥ ዕውቀት ከንቱ ሆነ፤ የነባሮቹ የመጀመሪያ አዳዲስ ማሽኖችም ከጀማሪዎቹ ያነሱ ነበሩ። ቢሆንም ኩባንያው አልወደቀም። ማተሚያ ቤቶችና የማስታወቂያ ድርጅቶች የለመዱትን የፊደል ቅርጽ ይፈልጉ ነበር፤ በመብት የተያዘው የቅርጾቹ ክምችትም የላይኖታይፕ ስለነበረና በሌላ ኩባንያ ማሽን ላይ ስለማይሠራ፣ ደንበኛው ደካማውን ማሽን ታግሶ ገዛ። አፕል በ1985 ባቀረበው የሌዘር ማተሚያ ውስጥ የገቡት ታይምስና ሄልቬቲካ ፊደሎች እንኳ ከዚሁ ኩባንያ በፈቃድ የተገኙ ነበሩ። ኮዳክን ከዚህ ጎን ሲያዩት ጉድለቱ ግልጽ ነው፤ የፊልም ማጠቢያ ሱቆች መረብና የወረቀት ፋብሪካው ከፊልሙ ጋር አብረው የሚሞቱ ሀብቶች ነበሩ።

አሮጌውን አጥብቆ ማሻሻል ከምላሾች ሁሉ የተለመደው ነው። የመርከብ ታሪክ ጸሐፊዎች፣ የእንፋሎት መርከብ ከመጣ በኋላ ባለ ሸራ መርከቦች ከቀድሞው በላቀ ፍጥነት መሻሻላቸውን ያወሳሉ፤ የጋዝ መብራት አምራቾችም የኤዲሰን አምፖል ካስፈራራቸው በኋላ በ1885 በወጣው፣ በጋዙ ነበልባል ላይ በሚደረገው የቬልስባኽ መረብ ብርሃናቸውን በእጅጉ አድምቀው ዕድሜያቸውን አራዝመዋል። ይህ ምላሽ ብዙ ጊዜ እንደ ሞኝነት ይቆጠራል፤ ጊዜ የሚገዛ እስከሆነና የተገዛው ጊዜ ለሌላ ዝግጅት እስከዋለ ድረስ ግን ሞኝነት አይደለም።

ሌላው ምላሽ በሕግና በተቆጣጣሪ መንግሥታዊ አካል በኩል መከላከል ሲሆን፣ የምሥራቅ አፍሪካ የሞባይል ገንዘብ ታሪክ ለዚህ ጥሩ ማሳያ ነው። የኬንያው የስልክ ኩባንያ ሳፋሪኮም በመጋቢት 2007 በመንደር ሱቆች በኩል ገንዘብ የሚያስተላልፈውን ኤም-ፔሳን ሲጀምር ባንኮቹ የመንደር ሱቅን እንደ ተፎካካሪ አልቆጠሩትም ነበር፤ በ2008 መጨረሻ ግን፣ በትልልቅ ባንኮች ግፊት ነው ተብሎ በሰፊው በተነገረለት ትእዛዝ፣ የገንዘብ ሚኒስትሩ አገልግሎቱ እንዲመረመር አደረጉ። ምርመራው ኤም-ፔሳን ነጻ ሲያወጣው ባንኮቹ መንገዳቸውን ቀየሩ። ጥቂት ቅርንጫፎች ብቻ የነበሩት ኮሜርሻል ባንክ ኦፍ አፍሪካ በ2012 ከሳፋሪኮም ጋር ኤም-ሽዋሪ የተባለውን የቁጠባና የብድር አገልግሎት ከፍቶ በሚሊዮን የሚቆጠሩ ደንበኞች ሲያገኝ፣ ኢኩዊቲ ባንክ ደግሞ የራሱን የስልክ አገልግሎት እስከ መመሥረት ደረሰ። በኢትዮጵያ የነበረው ሁኔታ የተለየ ነው፤ ሕጉ ለዓመታት የሞባይል ገንዘብን ለባንኮችና ለአነስተኛ ብድር ተቋማት ብቻ ፈቅዶ ስለቆየ፣ ነባሮቹ በሩን ለመዝጋት መታገል አላስፈለጋቸውም። ብሔራዊ ባንክ በ2020 ባወጣው መመሪያ በሩ ሲከፈት ቀድሞ የገባውም ጀማሪ ኩባንያ ሳይሆን ሌላው አንጋፋ ድርጅት ኢትዮ ቴሌኮም ነበር፤ በግንቦት 2021 ቴሌብርን ጀመረ፤ በቀጣዩ ዓመትም ከዳሸን ባንክ ጋር የቁጠባና የብድር አገልግሎት አከለ። በአንድ መስክ ነባር የሆነ ድርጅት በጎረቤቱ መስክ አናጊ ሊሆን እንደሚችል የአገር ውስጡ ምሳሌ ይመሰክራል፤ ንድፈ ሐሳቡ ይህን ገጽታ ብዙም አላየውም።

ክሪስተንሰን ራሱ የመከረው፣ አዲሱን ሥራ ከእናት ድርጅቱ በጀትና ከትርፍ መለኪያው ነጥሎ ራሱን ለቻለ ክፍል መስጠትን ነው። አይቢኤም የግል ኮምፒውተሩን ከኒው ዮርክ ዋና መሥሪያ ቤቱ ርቆ በፍሎሪዳዋ ቦካ ራቶን ባቋቋመው ትንሽ ቡድን አማካይነት በአንድ ዓመት ገደማ ሠርቶ በ1981 ለገበያ አበቃ፤ ሂውሌት ፓካርድም የሌዘር ማተሚያ ክፍሉን በአይዳሆ፣ የቀለም መርጫ ማተሚያ ክፍሉን በዋሽንግተን ግዛት አድርጎ እርስ በርሳቸው እንዲፎካከሩ ፈቀደላቸው። ቻርልስ ኦራይሊና ተሽማን በበኩላቸው ፍጹም መለየት ከነባሩ ክፍል ሊገኝ የሚችለውን ዕውቀት ስለሚያሳጣ፣ ክፍሎቹ ተለያይተው በላይኛው አመራር ደረጃ የሚገናኙበት «በሁለት እጁ የሚሠራ ድርጅት» ይሻላል ብለው ይሟገታሉ። የአይቢኤም ቡድን ከዋናው መሥሪያ ቤት ልማድ ነጻ በመሆኑ ፈጠነ፤ ለመፍጠን ሲልም ዋናውን ቺፕ ከኢንቴል፣ የአሠራር ሥርዓቱን ከማይክሮሶፍት ወሰደ፤ ከዚያ በኋላ የግል ኮምፒውተር ትርፍ አብዛኛው ወዴት እንደሄደ የታወቀ ነው።

ከሥራ መስኩ መውጣትም ምላሽ ነው፤ ኢንቴል የተመሠረተበትን የማስታወሻ ቺፕ ንግድ በ1985 ለጃፓኖች ትቶ ወደ ፕሮሰሰር መዞሩ የሚጠቀሰው በዚህ ምክንያት ነው። እንዲህ ያለ ውሳኔ ከታች ወደ ላይ እውነቱ እንዲደርስ ይጠይቃል። ቲሞ ቮሪና ኮይ ህዊ በኖኪያ ላይ በ2016 ያወጡት ጥናት እንዳሳየው፣ የመካከለኛ ደረጃ ኃላፊዎች አለቆቻቸውን ስለፈሩ የኖኪያ ስልኮች ይሠሩበት የነበረውን የሲምቢያን ሥርዓት ደካማነት አድበስብሰው ሲያቀርቡ፣ ከፍተኛ ኃላፊዎቹ ደግሞ ተፎካካሪንና ባለአክሲዮንን ፈርተው የማይቻል የጊዜ ገደብ ይጭኑ ነበር። የስልክ ክፍሉ ከዚያ በኋላ በ2014 ለማይክሮሶፍት ተሸጠ።

አሁን በመታየት ላይ ያለው ትልቁ ጉዳይ የመኪና ኢንዱስትሪ ነው። ቢዋይዲ በ1995 የባትሪ አምራች ሆኖ የተመሠረተና በ2003 ወደ መኪና የገባ በመሆኑ ከባዱን ክፍል አስቀድሞ በእጁ ይዞ ሲነሣ፣ የነባሮቹ ዋና ችሎታ የነበረው የነዳጅ ሞተርና ማርሽ በኤሌክትሪኩ መኪና ውስጥ ቦታ የለውም። የነባሮቹ አጋዥ ሀብት የነበረው የአከፋፋዮች መረብም ከትርፉ ትልቅ ድርሻ የሚያገኘው ከጥገና በመሆኑ፣ ዘይት የማይቀየርለትን መኪና ለመሸጥ የሚያነሣሣው ምክንያት ትንሽ ነው፤ የብዙ የአሜሪካ ግዛቶች ሕግ ደግሞ አምራቹ አከፋፋዩን ዘልሎ እንዳይሸጥ ያግደዋል። ፎርድ በ2022 የክሪስተንሰንን ምክር ተግባራዊ ያደረገ ይመስል የኤሌክትሪክ መኪናውን ሥራ «ሞዴል ኢ» በሚል ክፍል ለይቶ ሒሳቡን ለብቻው ማሳወቅ ሲጀምር፣ በ2023 ብቻ 4.7 ቢሊዮን ዶላር ኪሳራ በገሃድ ታየ። በ2003 የተመሠረተው ቴስላ የመጀመሪያውን ሙሉ ዓመት ትርፍ ያስመዘገበው በ2020 ሲሆን፣ ባለሀብቶቹ እስከዚያ ድረስ ኪሳራውን እንደ መዋዕለ ንዋይ ቆጥረው ጠብቀውታል፤ በየሩብ ዓመቱ የትርፍ ድርሻ መቀበል የለመደው የፎርድ ባለአክሲዮን ግን ለአንዱ ክፍል ኪሳራ ያን ያህል ትዕግሥት ይኖረው እንደሆነ የሚወስነው ከኩባንያው መሐንዲሶች ይልቅ የአክሲዮን ገበያው ነው።